ርዝመቱን የዘነጋ ምክር

በሲ ቋንቋ የኤንጂንኤክስ ዌብ ሰርቨር ሞጁል የሚጽፍ ሰው የጥያቄውን አርግስ (በአድራሻው ከ«?» በኋላ ያለውን ክፍል) እንደ ተራ የሲ ስትሪንግ ቢያነበው ይበቃዋል የሚል አንድ ጽሑፍ ጀማሪዎችን ገደል ይከታል። የኤንጂንኤክስ ስትሪንግ ጠቋሚና ርዝመት እንጂ በዜሮ ባይት የሚዘጋ አይደለም። «አይዲ=5» ተብሎ የመጣውን በፐርሰንት ኤስ ያተመ ሰው «አይዲ=5 ኤችቲቲፒ/1.1» እያለ ወደ ቀጣዩ መስመር ሲፈስ ያየዋል። በዚህ ላይ የተመሠረተ የይለፍ ማጣሪያ ምን ሊያመጣ እንደሚችል ጸሐፊው አስቦበታል? ለኅትመት ፐርሰንት ቪ አለ፤ አንዱን አርጉመንት ነጥሎ ለማውጣትም ሰርቨሩ የራሱ ፈንክሽን አለው። የፖስት አካልማ ጭራሽ ሌላ ነው፦ ሃንድለሩ ሲጠራ ገና አልተነበበም፤ ንባቡን አስጀምሮ በኮልባክ መቀበል ግድ ነው። ጽሑፉ ይታረም። ሞጁል የምትጽፉም ርዝመቱን ሳታዩ ዳታውን አትንኩ።