«የምደብቀው የለኝም»

ደባርቅ ላይ አንድ ወጣት አስጎብኚ አግኝቼ ነበር። ተወልዶ ያደገው አምባራስ ነው፤ ከሳንቃበር አልፎ ወደ ጨነቅ በሚወስደው መንገድ በኩል ያለችው የደጋ መንደር። በቅሎ ከመሳብ ጀምሮ፣ እንግሊዝኛውን ከፈረንጅ አፍ ለቃቅሞ ለአስጎብኚነት የበቃ ጎበዝ ነው። የሰሜንን ተራሮች ያየ እንግዳ አገሩ ሲመለስ የልጁን አድራሻ ለወዳጁ ይሰጣል፤ ወዳጁ ኢሜይል ይጽፋል፤ ልጁም በቅሎውን፣ ምግብ አብሳዩን፣ ስካውቱን አዘጋጅቶ ይጠብቃል። እንጀራው ይኸው ነው። ጦርነቱ እንግዳውን ሁሉ ባስቀረበት ጊዜ እንኳ ተስፋው እነዚያ ኢሜይሎች ነበሩ፤ «ሰላም ሲሆን እንመጣለን» ያሉት ሁሉ እዚያ ውስጥ አሉ።

አንድ ቀን ስልኩ ወድቆ ተሰበረ። ሌላ ገዝቶ ኢሜይሉን ልክፈት ቢል የይለፍ ቃል ተጠየቀ። አያውቀውም! ኢሜይሉን ያወጣለት ከዓመታት በፊት የመጀመሪያውን ስልክ የገዛበት ሞባይል ቤት የነበረ ልጅ ነው። የይለፍ ቃሉን የፈጠረው ያ ልጅ፤ «ከረሱት በዚህ ይላክልዎታል» ተብሎ የተመዘገበው ስልክ ቁጥርም የዚያው ልጅ። ሱቁ ከተዘጋ ቆይቷል፤ ልጁ የት እንደገባ የሚያውቅ የለም።

«ጋሼ፣ እኔ ስልኩን ያዝኩ እንጂ ቁልፉ ሰው ኪስ ውስጥ ነው የኖረው» አለኝ።

ይህን ጎንደር ተመልሼ ቡና ላይ ለአንድ የቀድሞ ባልደረባዬ አወጋሁት። ሳቀ። «የገጠር ልጅ ነው፤ ምን ታደርገዋለህ?» አለ። አንተስ እንዴት ነው የምትጠነቀቀው አልኩት። «እኔ ምን የምደብቀው አለኝ? ሌባ አይደለሁ፣ ፖለቲከኛ አይደለሁ!»

እንግዲህ የዛሬው ጠቤ ከዚህች ከመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ጋር ነው። የተማረው ሰው ሁሉ አፍ ላይ ስላለች።

ስነ ጽሑፍ ሳስተምር በኖርኩባቸው ዓመታት ለተማሪዎቼ ደጋግሜ የነገርኳቸው አንድ ነገር ቢኖር አማርኛ የመደበቅ ጥበብ ያለው ቋንቋ መሆኑን ነው። ሰሙን ለሰሚው፣ ወርቁን ለገባው። ከብትህ ስንት ነው ሲባል «እግዜር የሰጠኝን ያህል» የሚል ገበሬ፣ የሚስቱን እርግዝና እስኪገፋ ድረስ ለጎረቤት የማያወራ ባል፣ ደመወዙን ለገዛ ወንድሙ አጉድሎ የሚናገር የመንግሥት ሠራተኛ ያለበት አገር ነው። ይህ ሕዝብ ስልኩን ሲይዝ በምን ተአምር ነው «የምደብቀው የለኝም» ባይ የሆነው? ገመና የሚባል ቃል አለን እኮ! ገመና ወንጀል አይደለም። የሌባና የሴረኛ ብቻም አይደለም። የሰው ልጅ ሁሉ በር ዘግቶ ልብሱን ይቀይራል።

ደግሞስ ገመናው የአንተ ብቻ መቼ ሆነና? ስልክህ ውስጥ የእህትህ ሐኪም ቤት የተነሳችው ፎቶ፣ የጓደኛህ የባንክ ቁጥር፣ የተማሪህ ኑዛዜ አለ። የቴሌግራም አካውንትህ የተሰረቀ ዕለት ሌባው የሚጽፈው ለአንተ አይደለም። በአንተ ስም፣ በአንተ ፎቶ፣ «ቸግሮኛልና ይህን ያህል ብር ላክልኝ፤ ማታ እመልሳለሁ» እያለ ለወዳጆችህ ነው የሚጽፈው። የምትደብቀው የሌለህ ጌታዬ፣ የምታስዘርፈው ግን ሞልቶሃል።

ብራውዘር የሚለውን ቃል አንዳንድ ተርጓሚዎች «አሳሽ» ብለውታል። መጀመሪያ ስሰማው ፈገግ አልኩ፤ ቆይቼ ግን ከዚህ የተሻለ ስም እንደሌለው ገባኝ። ጄምስ ብሩስ የተባለው ስኮትላንዳዊ አሳሽ እ.ኤ.አ. በ1770 ሊማሊሞን ወጥቶ፣ በዚሁ በደባርቅ አገር በኩል አልፎ ጎንደር ገባ። በቤተ መንግሥቱ ፈንጣጣ የያዛቸውን አከመ፤ ተወደደ፤ ተሾመ። እያከመም ያይ ነበር፤ እያየም ይጽፍ ነበር። አገሩ ሲመለስ የመጽሐፈ ሄኖክን ቅጂዎች ይዞ ሄደ፤ ያየውንም በአምስት ጥራዝ እ.ኤ.አ. በ1790 አሳተመ። ብሩስን ሌባ ማለቴ አይደለም። ሰውዬው አገልግሎት ሰጠ፤ በምትኩ እኛን አወቀን። እኛ ግን ምን እንደጻፈ ያወቅነው ስንት ዘመን ቆይተን ነው? በስልክህ ያለው አሳሽም እንደዚያው ነው። መንገድ ያሳይሃል፤ የሄድክበትንም ይመዘግባል። ጥያቄው ማስታወሻውን ለማን ነው የሚሰጠው የሚለው ነው።

«ነፃ» የምትለዋን ቃል እዚህ ላይ ልያዛት። ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ዓ.ም ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ በመላ አገሪቱ ተገድበው እንደነበር አንረሳውም። ያኔ ከተማሪ እስከ ሚኒስቴር ሠራተኛ ቪፒኤን ያልጫነ ማን ነበር? ከጓደኛ በዜንደር ተቀባብለን፣ ባለቤቱ ማን እንደሆነ፣ የየት አገር እንደሆነ ሳንጠይቅ «ፍቀድ» ሲለን ፈቀድን። ቪፒኤን ማለት ግን ቀላል ነገር ነው፤ በቴሌው በኩል ያልፍ የነበረውን ጉዞህን በሌላ ሰው ግቢ ውስጥ ማሳለፍ ነው። ቴሌው ወዴት እንደምትሄድ አያይም፤ የግቢው ባለቤት ግን ያያል። ባለቤቱ ታማኝ ከሆነ ደግ፤ ካልሆነ ከአንዱ ዓይን ሸሽተህ በማታውቀው ሌላ ዓይን ሥር ወድቀሃል። ያ ባልደረባዬ ስልኩን እንዲያሳየኝ ብለምነው፣ እገዳው ከተነሳ በኋላ እንኳ ያው በነፃ የተገኘ ቪፒኤን አልጠፋም ነበር! ብራውዘሩም «አድሱኝ» እያለ ሲለምነው ወራት አልፈዋል። የገጠር ልጅ ላይ የሳቀው እሱ ነው።

በብራውዘሮቹም እንዲሁ ነው። ኢንተርኔቱ ውድና ቀርፋፋ በነበረበት ጊዜ ኦፔራ ሚኒ ብዙ ብር አድኖልናል፤ ውለታው አይካድም። ግን ገጹን የሚያቀልልን በኩባንያው ኮምፒውተሮች በኩል አስመጥቶ፣ ጨምቆ በመላክ ነው። አጥብቆ በሚቆጥብበት ስልት የምታነበው ሁሉ በእነሱ እጅ ያልፋል ማለት ነው። ለእግር ኳስ ውጤት ይሁን፤ ለባንክ ሒሳብ ግን አይሆንም። ዩሲ ብራውዘር የተባለውን ደግሞ የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው ሲትዝን ላብ እ.ኤ.አ. በ2015 መርምሮ፣ ሰው የሚፈልጋቸውን ቃላትና የስልኩን መለያ ቁጥሮች በቂ ጥበቃ ሳያደርግላቸው እንደሚልክ አጋልጧል።

ይኸው ተቋም በኅዳር 2010 ዓ.ም ያወጣው ሌላ ጥናት የእኛኑ ጉድ ይነካል። በውጭ አገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ተቃዋሚዎችና ጋዜጠኞች ኢሜይል ይደርሳቸው ነበር። ማገናኛውን ሲጫኑ የቪዲዮ ድረ ገጽ የመሰለ ነገር ይከፈታል፤ «ቪዲዮውን ለማየት መጀመሪያ የፍላሽ ማጫወቻዎን ያድሱ» ይላል። ማደሻ የተባለው ሳይበርቢት የተባለ የእስራኤል ኩባንያ የሠራው የስለላ ፕሮግራም ነበር። ልብ በሉ፤ በሩ አልተሰበረም። አንኳኩተው «ክፈቱ» አሉ፤ ባለቤቱ ከፈተ። ይህ የሚደርሰው በፖለቲከኛ ላይ ብቻ ነው ካላችሁ፣ «ሽልማት ደርሶዎታል፤ እዚህ ይጫኑ» የሚለውን መልእክት ስንት ጊዜ እንደተቀበላችሁ አስታውሱ። ብልሃቱ አንድ ነው፤ የሚለያየው የሚፈለገው ነገር ነው። ከአንዱ ምስጢር፣ ከሌላው የቴሌብር የይለፍ ቁጥር።

«እሺ፣ የትኛውን ብራውዘር እንጠቀም?» ትሉኛላችሁ። ይህ ጥያቄ እንደ ክታብ ነው የሚጠየቀው፤ አንገት ላይ አስረውት ሊተኙ። እንዲህ ያለ ክታብ የለም። ከሌባ መጠበቅና ከባለቤቱ መጠበቅ ሁለት ነገር ነውና። ክሮም ቀዳዳ ሲገኝበት ቶሎ የሚደፈን ጠንካራ ብራውዘር ነው፤ ነገር ግን የጉግል ነው፤ ጉግል ደግሞ የሚኖረው ከማስታወቂያ ነው። ፋየርፎክስን የሚያወጣው ሞዚላ ለትርፍ ባልቆመ ድርጅት ሥር ነው፤ ሆኖም የገቢው ትልቁ ድርሻ ጉግል ከሚከፍለው የፍለጋ ውል የሚመጣ ነው። ፍጹም ጻድቅ አትፈልጉ። ሦስት ነገር ጠይቁ፤ ባለቤቱ ማን ነው? በምን ይኖራል? መቼ ነው የታደሰው? ሦስተኛው ጥያቄ ከሁሉ ይበልጣል። ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር በሰኔ 2014 ዓ.ም በሠሪው በማይክሮሶፍት ተሰናብቷል፤ ያልታደሰ ብራውዘርም ቁልፉ የተባዛበት ቤት ነው።

ስለ መቆለፊያዋም ልናገር። አድራሻው አጠገብ የነበረችውን ትንሽ የቁልፍ ምልክት «ታማኝ ገጽ» ማለት አድርገን ስንቆጥራት ኖረናል። ምልክቷ የምትለው መንገዱ ላይ የሚያዳምጥ የለም ብቻ ነው፤ ከመንገዱ ማዶ የቆመው ሐቀኛ ነው አትልም። አጭበርባሪም መቆለፊያ ያወጣል፤ በነፃ። ክሮም እ.ኤ.አ. በ2023 ምልክቷን ያነሳት ሰው እየተሳሳተባት ስላስቸገረ ነው። መቆለፊያዋ ሰም ናት፤ ወርቁ አድራሻው ነው። አንዷ ፊደል የተቀየረች እንደሆነ የባንክህ ገጽ የባንክህ አይደለም። ቅኔ የምንፈታ ሰዎች አንድ አድራሻ አንብበን መፍታት ያቅተን?

ሁሉን በተጠቃሚው ጫንቃ ላይ ጭኜ መሄድ ግን ፍርደ ገምድልነት ይሆንብኛል። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። በእነዚያ ወራት የደባርቅና የዳባት ሰው ብራውዘሩን በምኑ ያድሰው? ፕሮግራም ከእጅ ወደ እጅ በዜንደር ባይቀባበል ከየት ያምጣው? ኢንተርኔት የሚዘጋ ሰው ወሬ ብቻ የሚዘጋ ይመስለዋል፤ የሕዝቡንም በር ነው ክፍት የሚያስቀረው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ታውጇል፤ እሰየው። አዋጁ አምባራስ የሚደርሰው ግን ስልክ ሻጩ የደንበኛውን የይለፍ ቃል ይዞ ማስቀረት ነውር መሆኑን ሲያውቅ፣ ገዢውም «ቁልፌን» ብሎ መጠየቅ ሲለምድ ነው።

እኔም ንጹሕ አይደለሁም። ይህን እስክጽፍ ድረስ ለኢሜይሌም፣ ለባንኬም፣ ለፌስቡኬም አንድ የይለፍ ቃል ነበር የምጠቀመው፤ የበኩር ልጄ ስምና የተወለደችበት ዓመት። ልጄ ስትሰማ «አባዬ፣ ይህንን እኮ ልደቴ ላይ የመጣ ሁሉ ያውቀዋል» አለችኝ። አፈርኩ። አሁን ለየብቻ ለይቻቸዋለሁ፤ ኢሜይሌም ከይለፍ ቃሉ ሌላ ሁለተኛ ማረጋገጫ ይጠይቃል።

የአምባራሱ ልጅ የድሮ ኢሜይሉን አላገኘውም። አዲስ አውጥቷል፤ በራሱ እጅ፣ በራሱ ቁጥር፣ አጠገቡ የነበረው ጓደኛው ፊቱን እንዲያዞር ነግሮ። ያን ጊዜ ጓደኛው «ምን ትደብቀኛለህ?» ብሎ ተቀየመው አሉ። ልጁ የመለሰለትን ለባልደረባዬም፣ ለራሴም፣ ለእናንተም ልተወው፤

«ልደብቅህ አይደለም፤ ቤቴ ስለሆነ ነው።»

ቸር እንሰንብት።