ቁስል ከመትላቱ በፊት

የቤት እንስሳ ቁስል ተላ በተባለ ቁጥር የሚሰማው ምክንያት «መድኃኒት ጠፋ» የሚል ነው። የመድኃኒት እጥረት መኖሩ አይካድም። በእኛ አስተያየት ግን ትልቁ ጉድለት የመድኃኒት ሳይሆን ቁስሉን በየዕለቱ የማየት ጉድለት ነው።

ይህንም ለመረዳት የዝንቧን አኗኗር ማወቅ ያስፈልጋል። የብዙ ዝንቦች ትሎች የሚመገቡት የሞተና የበሰበሰ ሥጋ ነው። በአፍሪካና በእስያ የሚገኘው ክራይሶሚያ ቤዚያና የተባለው ዝንብ ትሎች ግን ሕይወት ያለውን ሥጋ ይበላሉ። ሴቷ በቁስሉ ጠርዝ ላይ ከ100 እስከ 250 የሚደርሱ እንቁላሎች ትጥላለች። እንቁላሎቹ በ1 ቀን ገደማ ይፈለፈላሉ፤ ትሎቹም ራሳቸውን ወደ ውስጥ ቀብረው ለ1 ሳምንት ያህል ሥጋውን ይበላሉ። ከዚያ መሬት ላይ ወድቀው አፈር ውስጥ ወደ ዝንብነት ይለወጣሉ። ለዚህ ሁሉ የመዥገር ንክሻ፣ ያልደረቀ የጥጃ እትብት፣ ቀንበር የላጠው ጫንቃ፣ የአህያ ገጣባ ወይም ውሻ ከውሻ ተናክሶ ያገኘው ቁስል ይበቃል።

እንግዲህ በየቀኑ የሚታይ ቁስል ትሉ ሳይጠልቅ ይደረስበታል። በሳምንት አንዴ የሚታይ ግን ትሉን አሳድጎ ለመሬት ያስረክባል።

ተመሳሳይ ጠባይ ያለው የአሜሪካ ዝንብ እ.ኤ.አ. በ1988 ሊቢያ በገባ ጊዜ ከ1 ቢሊዮን በላይ የመከኑ ዝንቦች ከሜክሲኮ በአውሮፕላን መጥተው ተበትነዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1992 ዝንቡ መጥፋቱ ተገልጿል። ይህን በመሰለ ታላቅ ዘመቻ ውስጥ እንኳ የከብቱን ቁስል እየዞሩ ማየትና ማከም አልቀረም።

ስለሆነም የኅብረት ሥራ ማኅበራት አባሎቻቸው ማታ ከብት ሲገባ ቁስል የማየት ልማድ እንዲይዙ ቢያደርጉ ይገባል። ማኮላሸትና ቀንድ መቁረጥ ዝንብ በሚያንስበት ወቅት ይፈጸም። የተወለደ ጥጃ እትብት አዮዲን ይቀባ። የተገኘው ትል በወረንጦ ተለቅሞ በፈላ ውሃ ይገደል እንጂ መሬት ላይ አይጣል፤ የተጣለው ነገ ዝንብ ሆኖ ይመለሳልና። ነጭ ጋዝና የተቃጠለ ዘይት ማፍሰስ ጤነኛውን ሥጋ ስለሚጎዳ መቅረት አለበት። ቁስሉ የጠለቀ እንደሆነ እንስሳው ሳይውል ሳያድር ወደ እንስሳት ሕክምና ይወሰድ።

«ገበሬው ሥራ ይበዛበታል» የሚሉ አሉ። እውነት ነው፤ ነገር ግን በእርሻ ወራት በሬው የተኛበት ገበሬ የሚያጣው ጊዜ ከዚህ ይበልጣል። የልማት ጣቢያ ሠራተኛም ስለ መድኃኒት ከመናገሩ በፊት «ትናንት ከብትህን አይተሃል ወይ?» ብሎ ቢጠይቅ የሥራውን ግማሽ እንደ ፈጸመ ይቆጠራል።