ልጃችሁ ስፖርት ልለውጥ ቢል



አንድ ልጅ በጀመረው ስፖርት ጥቂት ከገፋ በኋላ «ይህን ትቼ ሌላ ልጀምር» ሲል ብዙ ወላጅ ይደነግጣል። «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» የሚለው ተረትም ቶሎ ከአፍ ይወጣል። መከልከልም ሆነ ዝም ብሎ መልቀቅ ቀላል ነው። ከባዱ ነገር ልጁ የሚገባበትን ቤት መርምሮ መወሰን ነው። በዛሬው ዓምዳችን ለዚህ ጉዳይ ትምህርት የሚሆን የአንድ ጃፓናዊ ታሪክ እናቀርብላችኋለን።

ሚጹጉ አኪሞቶ እ.ኤ.አ. በ1955 በሆካይዶ ደሴት፣ ፉኩሺማ በምትባል የባሕር ዳር ከተማ ከዓሣ አጥማጅ ቤተሰብ ተወለደ። ከትንሽነቱ ጀምሮ ወላጆቹን በዓሣ ማጥመዱ ሥራ ይረዳ ነበር። በትምህርት ቤት ስሙ የታወቀው በአትሌቲክስ ነው። በከፍታ ዝላይና በስሉስ ዝላይ ከእኩዮቹ ይልቅ ነበር። የሱሞ ትግል ግን በሐሳቡ አልነበረም።

የዚያችው ከተማ ተወላጅና የቀድሞ የሱሞ ሻምፒዮን የሆነው ቺዮኖያማ ስለ ልጁ ጥንካሬ ሰምቶ ሊወስደው መጣ። ወላጆቹ አልተስማሙም። ቺዮኖያማ ግን «ቶኪዮ በአውሮፕላን እወስድሃለሁ» ብሎ የልጁን ልብ ማረከ። እስቲ አስቡት፤ የ15 ዓመት ልጅ የወደፊት ኑሮውን የወሰነው አውሮፕላን ለመሳፈር ባደረበት ጉጉት ነው! ይህ የሆነው በ1970 ነው። በትግሉ ዓለም የወጣለት ስም ቺዮኖፉጂ ነው።

የሱሞ ታጋይ የሚኖረው በአለቃው ቤት ነው። አዲስ ገቢዎች ማልደው ተነሥተው ቁርስ ሳይበሉ ይለማመዳሉ፤ ቤት ይጠርጋሉ፤ ምግብ ያበስላሉ፤ የሚበሉትም ታላላቆቻቸው ከበሉ በኋላ ነው። ሥጋ፣ ዓሣና አትክልት በአንድ ድስት የሚበስልበት «ቻንኮ» የተባለው ወጥ ዋና ምግባቸው ነው። ዛሬም ቢሆን ከ600 ገደማ ታጋዮች መካከል የወር ደመወዝ የሚከፈላቸው በሁለቱ ከፍተኛ ደረጃዎች ያሉት 70 ብቻ ናቸው። ቺዮኖፉጂ ራሱ እዚያ የደረሰው ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1974 ነበር።

በዚህ ቤት ውስጥ ስሟ እምብዛም የማይነሣ አንዲት ሴት አለች። የአለቃው ሚስት ናት፤ «ኦካሚሳን» ይሏታል። የቤቱን ሒሳብ የምትይዝ፣ የታመመውን የምትጠይቅ፣ ከልጆቹ ወላጆች ጋር የምትገናኝ፣ ናፍቆት የያዘውን ልጅ የምታጽናና እርሷ ነች። ነገር ግን በወጉ መሠረት ሴት የትግሉን መድረክ አትረግጥም። በ2018 በማይዙሩ ከተማ አንድ ከንቲባ መድረኩ ላይ ሲወድቁ ለመርዳት የወጡት ሴቶች በድምፅ ማጉያ «ውረዱ» ተባሉ። በኋላ የሱሞ ማኅበሩ ኃላፊ ይቅርታ ጠይቀዋል። ልጆቹን በማሳደግ ሴቶች የሚደክሙበት ሙያ መድረኩን ለሴቶች መከልከሉ እናቶችን የሚያሳስብ ነገር ነው።

ወደ ታሪካችን እንመለስ። በሱሞ የክብደት ምድብ የለም፤ ቀጭኑም ከግዙፉ ጋር ይገጥማል። ቺዮኖፉጂ በጉልምስናው እንኳ ክብደቱ 120 ኪሎ ግራም አካባቢ ነበር፤ ከ200 ኪሎ በላይ ከሚመዝኑ ሰዎችም ጋር ተጋጥሟል። ከዝላዩ ያመጣው ፍጥነትና የእግር ጉልበት ጠቀመው። ትከሻው ግን ለዚህ ሥራ የተዘጋጀ አልነበረም። ትላልቆቹን በክንዱ ኃይል ብቻ ለመጣል ሲታገል ትከሻው ደጋግሞ ወለቀ፤ ደረጃውም አሽቆለቆለ። በዚህን ጊዜ ሁለት ነገር አደረገ። በየቀኑ ደረቱን መሬት እያስነካ በመነሣት የትከሻውን ጡንቻ አጠነከረ። የአንድ ታላቁን ምክር ሰምቶም ሲጋራ ማጨስ ተወ። አታጋገሉንም ለወጠ፤ በፍጥነት ተጠግቶ የተጋጣሚውን መቀነት መያዝና ወደ ፊት መግፋት ጀመረ።

ውጤቱ ቶሎ ታየ። በ1981 ለመጀመሪያ ጊዜ ሻምፒዮን ሆነ፤ በዚያው ዓመት «ዮኮዙና» የተባለውን የመጨረሻ ማዕረግ አገኘ። በ1991 ሲሰናበት 31 ጊዜ ዋንጫ ወስዶ፣ 1,045 ግጥሚያ አሸንፎ ነበር። በ1988 ብቻ 53 ግጥሚያ በተከታታይ አሸንፏል።

ድል ግን ከኀዘን አያድንም። በ1989 የጥቂት ወራት ሕፃን ልጁ በድንገት ሞተችበት። ከጥቂት ሳምንት በኋላ በተደረገው ውድድር ገብቶ አሸነፈ። በኋላም የራሱን የሱሞ ቤት መርቶ ሌሎች ወጣቶችን አሳድጓል። በ2016 በቆሽት ካንሰር አርፏል።

እንግዲህ ወላጆች፣ ልጃችሁ ከአንድ ስፖርት ወደ ሌላ ልሻገር ሲል ከመቆጣታችሁ በፊት እነዚህን ጠይቁ። አንደኛ፤ ልጁን የሳበው ስፖርቱ ነው ወይስ እንደ አውሮፕላኑ ያለ ማባበያ? ሁለተኛ፤ ከቀድሞው ስፖርት ይዞት የሚሄደው ጥቅም ምንድን ነው? የትኛው የአካሉ ክፍልስ አዲሱን ሸክም አልለመደም? ሦስተኛ፤ በሚያድርበት ቤት ሲታመም የሚያስታምመው፣ ሲያዝን የሚሰማው ማነው? አራተኛ፤ ስፖርቱ ባይሆንለት ትምህርቱ ወዴት ይሄዳል? ከ600 ሰው ደመወዝ የሚያገኙት 70 ከሆኑ፣ የቀሩት 530 ልጆችም እናት አላቸው።

የቺዮኖፉጂ ወላጆች አንፈቅድም ማለታቸው ስሕተት ነበር አንልም፤ ልጃቸውን የሚወስደው መንገድ ከባድ እንደ ነበረ ትከሻው ይመሰክራል። ቢሆንም ልጃችሁ መሄዱ ካልቀረ፣ ደጁን ክፍት አድርጋችሁ ሸኙት። ቢሰበር ወደ እናንተ መመለስ እንደሚችል ካወቀ በሄደበት ይጸናል።

ደኅና ሰንብቱ።