ለንደን ለሚሄድ ተማሪ የአራት ቀን ዕቅድ

ከመካከላችን አንዱ በመጪው ክረምት ለአጭር ትምህርት ወደ እንግሊዝ አገር ሊሄድ ነው። ትምህርቱ ካለቀ በኋላ ለንደን ላይ አራት ቀን የራሱ ጊዜ ይኖረዋል። እኛም የጉደር ልጆች፥ ሁላችንም የአርት ፋኩልቲ ተማሪዎች፥ የፋሲካን ዕረፍት አገራችን ላይ ባሳለፍንበት ጊዜ ተሰብስበን፥ አራቱ ቀን በቤተ መዘክር እንዴት ይዋል በሚለው ነገር ብዙ ተከራከርን። ክርክሩ የአንድ ሰው ጉዞ ብቻ ሆኖ ስላላገኘነው ለማኅበራችን መጽሔት አንባብያን ልናቀርበው ወደድን። ነገ ዕድሉ የሚደርሰው ከእናንተ ለአንዱ ሊሆን ይችላልና። (ዓመተ ምሕረት ያላልንበት ዓመት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።)

መጀመሪያ የጣልነው ሐሳብ ሁሉን ልይ የሚለውን ነው። ብሪቲሽ ሙዚየም ብቻውን 80,000 ያህል ዕቃ ለሕዝብ አሳይቶ ይዟል፤ በጓዳው ያስቀመጠው ደግሞ በሚሊዮን የሚቈጠር ነው። ለእያንዳንዱ ዕቃ ግማሽ ደቂቃ ሰጥቶ በቀን ሰባት ሰዓት ለሚቆም ሰው ለንባብ የተዘረጋው ብቻ 95 ቀን ይፈጅበታል። እግሩስ? ስለዚህ በአንድ ቀን አንድ ቤት፥ በአንድ ቤት ውስጥም ጥቂት ነገር ማየት ይሻላል ብለናል። ከሰዓቱ ግንብ ሥር ቆሞ ፎቶግራፍ መነሣትን አንከለክልም፤ አሥር ደቂቃ ይበቃዋል።

ሁለተኛው ሐሳብ የበለጠ አስቸግሮናል። አንዱ ባልንጀራችን፥ «ከናካቴው መግባት የለበትም፤ የተዘረፈ ቤት ልጅ ወደ ዘራፊው ቤት እንግዳ ሆኖ አይሄድም» አለ። ንግግሩ ልብ ይነካል፤ ሆኖም አልተቀበልነውም። ያልገባ ሰው ምን እንደጠፋበት አያውቅም፤ የማያውቀውን ደግሞ መጠየቅ አይችልም። አንዱ ደግሞ ከወዲያ ተነሥቶ፥ «መቅደላ ከጉደር ምን አላት? እኛ የምዕራብ ሸዋ ልጆች ነን» ሲል ሌላ ክርክር ከፈተ። ከመቅደላ ሥር የሚሄደው በሽሎ የሚገባው ዓባይ ውስጥ ነው፤ የእኛም ጉደር ወንዝ መድረሻው እዚያው ነው። ይህ ቀልድ ነው የሚለን ካለ፥ የአምቦው ልጅ ጸጋዬ ገብረ መድኅን ስለ ቴዎድሮስ ቲያትር ሲጽፍ «አንተ ከየት መጥተህ?» ያለው ሰው እንዳልነበረ እናስታውሰዋለን።

ነገሩ ለብዙዎቻችሁ የታወቀ ቢሆንም በአጭሩ እንድገመው። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. ዓፄ ቴዎድሮስ ራሳቸውን ከገደሉ በኋላ የጄኔራል ናፒየር ጦር አምባውን ዘረፈ። ምርኮውን ለመሸከም 15 ዝሆንና 200 ያህል በቅሎ አስፈልጎ ነበር። ደላንታ ሜዳ ላይ ሁለት ቀን የፈጀ ጨረታ ተደረገ፤ 5,000 ፓውንድ ያህል ተገኝቶ ለወታደሩ ተከፋፈለ። በዚያ ጨረታ ላይ ገንዘብ ይዞ ከቀረቡት ዋነኛው ሪቻርድ ሆልምስ ይባላል። ይህ ሰው ወታደር አልነበረም፤ ብሪቲሽ ሙዚየም ከጦሩ ጋር የላከው የራሱ ሠራተኛ ነው። ይህን ልብ በሉልን። ዕቃው እዚያ ቤት የደረሰው በአጋጣሚ አይደለም፤ ተቀባዩ ከዘመቻው ጋር አብሮ ዘምቷል።

እንግዲህ የመጀመሪያው ቀን ለቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ይሁን። መግቢያ አይከፈልበትም፤ ዓርብ ከሆነም እስከ ማታ ክፍት ስለሆነ ከድካም በኋላ ተመልሶ መግባት ይቻላል። እዚያ ያለው የወርቅ ዘውድና የወርቅ ጽዋ ለጎንደር ቍስቋም ማርያም፥ በእቴጌ ምንትዋብና በልጃቸው በዓፄ ኢያሱ ዘመን የተሰጡ እንደነበሩ ይታመናል። ሆልምስ ሁለቱን ከአንድ ወታደር የገዛው በ4 ፓውንድ ነው። የእቴጌ ጥሩወርቅ ነው የሚባል በሐር የተጠለፈ የጥጥ ቀሚስም አለ፤ እኛ ከዘውዱ ይልቅ በዚህ ቀሚስ ፊት ብዙ ጊዜ እንዲቆም መክረነዋል። ዘውድ የመንግሥት ነው፤ ቀሚስ ግን የአንዲት ሴት ገላ የነበረበት ነው። እቴጌይቱ ባላቸው ከሞቱ ከአንድ ወር ያህል በኋላ፥ የእንግሊዝ ጦር ወደ ባሕር ሲመለስ በመንገድ ላይ አርፈዋል። ዕቃ ሁሉ ሁልጊዜ ለዕይታ አይወጣምና አስቀድሞ ለሙዚየሙ ጽፎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ቀን የብሪቲሽ ሙዚየም ነው። ምድር ቤቱ ውስጥ ያለውን የአፍሪካ ክፍል፥ በተለይም በ1897 ከቤኒን የተወሰደውን የነሐስ ሥራ ይይ፤ ጎረቤታችንም ያው ዕጣ እንደደረሰው ያውቃል። ነገር ግን ወደዚያ የሚሄድበት ዋናው ምክንያት የማይታይ ነገር ነው። ከመቅደላ የተወሰዱ 11 ታቦታት በዚያ ቤት ተዘግቶባቸው ይኖራሉ። ለሕዝብ አይታዩም፥ ፎቶግራፍ አይነሡም፤ የሙዚየሙ ኃላፊዎች እንኳ አይገቡባቸውም፤ እንዲገቡ የሚፈቀደው ለኢትዮጵያ ካህናት ብቻ ነው።

ጉደር ላይ ይህን ስንጨዋወት አጠገባችን የተቀመጡ አንድ አባት፥ «ልጆቼ፥ እነርሱ ካላዩት፥ ካላሳዩት፥ ካልነኩት፥ ለምን ያስቀምጡታል?» ሲሉ ጠየቁን። «አባባ፥ ሕጋቸው አይፈቅድም ይላሉ» አልናቸው። «ሕጉን ማን አወጣው?» አሉና ፊታቸውን ወደ መንገዱ መለሱ።

በእርግጥም በ1963 የወጣው የብሪቲሽ ሙዚየም ሕግ ከጥቂት ምክንያት በቀር ዕቃ ከክምችቱ እንዳይወጣ ይከለክላል። ሆኖም ከዚያ በፊት ምን ነበር? ዓፄ ዮሐንስ አራተኛ ክብረ ነገሥትና ኵርዓተ ርእሱ የተባለው ሥዕል እንዲመለሱላቸው ወደ ንግሥት ቪክቶሪያ ጽፈው ነበር። በ1872 ብሪቲሽ ሙዚየም የክብረ ነገሥቱን ብራና መለሰ። ሥዕሉ ግን አልተገኘም ተባለ፤ ሆልምስ ለራሱ ወስዶት ነበርና። እንግዲህ መመለስ ለዚያ ቤት አዲስ ነገር አይደለም፤ አዲሱ ነገር አለመመለስን በሕግ ማጠሩ ነው። ያጠረው ፓርላማ ደግሞ ዛሬም በዚያው ከተማ ይቀመጣል። በ2018 የቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ዳይሬክተር፥ ዕቃው በረጅም ጊዜ ውሰት ወደ ኢትዮጵያ ሊሄድ ይችላል የሚል ሐሳብ አቅርበዋል። ቅን ሐሳብ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን የራሱን ንብረት በውሰት የሚፈርም ሰው ባለቤቱ እኔ አይደለሁም ብሎ መፈረሙ ነው፤ ስለዚህ አንደግፈውም። ሕግ የማያስራቸው ሌሎች ቤቶች ሳይዋሱ መልሰዋል፤ በኤዲንብራ ያለ አንድ ቤተ ክርስቲያን በ2002 ታቦት፥ በ2019 ደግሞ የለንደኑ የጦር ሠራዊት ሙዚየም የዓፄ ቴዎድሮስን ጠጕር።

ሦስተኛው ቀን ለብሪቲሽ ላይብረሪ ነው፤ ከብሪቲሽ ሙዚየም በእግር ይደረሳል። ከመቅደላ የሄዱት ብራናዎች 350 ያህል ናቸው። በመስታወት ውስጥ የሚታየው ጥቂቱ ስለሆነ ብራና ገልጦ ለማንበብ የአንባቢ መታወቂያ ያስፈልጋል፤ ይህንንም ከዚህ ሳሉ መጀመር ነው። አርቲስት አፈወርቅ ተክሌ ለንደን በስሌድ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ከተማሩ በኋላ፥ በለንደን፥ በፓሪስና በቫቲካን ያሉትን ብራናዎቻችንን ሥዕል ለማጥናት በአውሮፓ ተዘዋውረዋል። ፎቶግራፉ ይበቃል፥ ምስሉ በኮምፒዩተር ይታያል የሚሉን አሉ። በጥቅምት 2023 የዚያ ቤተ መጻሕፍት ኮምፒዩተሮች በወንበዴዎች ሲመቱ የብራናዎቹም ምስል ለብዙ ጊዜ ከዓለም ዓይን ተሰውሯል። ምስሉም እንደ ብራናው ቁልፉ በባለቤቱ እጅ ነው።

አራተኛው ቀን ከለንደን ወጣ ብሎ ዊንድዘር ነው። ልዑል ዓለማየሁ ከመቅደላ ሲወሰድ የሰባት ዓመት ልጅ ነበር፤ በ1879 በ18 ዓመቱ ሞቶ እዚያ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ተቀበረ። መታሰቢያው ላይ ከወንጌል እንግዳን ስለ መቀበል የሚናገር ቃል ተጽፎለታል። ቃሉ በዚያ ሥፍራ እንዴት እንደሚነበብ ለተጓዡ ትተንለታል። ዐፅሙ እንዲመለስ የቀረበውን ጥያቄ ቤተ መንግሥቱ በ2023 አልተቀበለውም። ቤተ ክርስቲያኑን እሑድ ለመጐብኘት አይቻልም፤ ለጸሎት ግን ይገባል።

ይህ ሁሉ ግን ከዚህ ከተማ ሳይጀመር አይሆንም። ስድስት ኪሎ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም አለ። ቤቱን ዓፄ ኃይለ ሥላሴ ለዩኒቨርስቲው የሰጡት በ1961 ነው፤ ተቋሙ በ1963 ሲመሠረት የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሪቻርድ ፓንክረስት ነበሩ። እኚህ ሰው እንግሊዛዊ ሲሆኑ የመቅደላ ንብረት ይመለስ እያሉ እስከ እርጅናቸው ተሟግተዋል፤ በ2017 አዲስ አበባ ላይ ዐረፉ። በደጃፋቸው አራት ዓመት ሙሉ ወደ ክፍል እየተመላለሱ፥ የዚያን ቤት ደረጃ ሳይወጡ የሚመረቁ ተማሪዎች ሞልተዋል። መስቀሎቹን፥ ሥዕሎቹን፥ ብራናዎቹን እዚህ ያላየ ዓይን ለንደን ላይ የሚያየው ወርቅ ብቻ ነው። ከዚያ ወረድ ብሎ አምስት ኪሎ ያለው ብሔራዊ ሙዚየም ለሌላ ቀን ይቆይ።

ለባልንጀራችን አንድ ደብተር ገዝተን ሰጥተነዋል። የሚያየውን እያንዳንዱን የአገራችንን ዕቃ የመዝገብ ቍጥር፥ በመግለጫው ላይ የተጻፈውን ቃልና ከሁሉ በላይ «ከየት ተገኘ» በሚለው ቦታ ላይ ምን እንደተባለ ይጽፍበታል፤ «ተገዛ»፥ «ተሰጠ» ወይስ «ተወሰደ» የሚለውን ለይቶ። ደብተሩ ሲመለስ በማኅበሩ ቢሮ ይቀመጣል፤ የሚሻ ሁሉ ያነበዋል። እስከዚያው ግን የተርሙ ፈተና ባለቀ በመጀመሪያው ቅዳሜ ጧት ወደ ስድስት ኪሎው ሙዚየም አብረን እንገባለን፤ ለመምጣት የሚፈልግ ስሙን በማኅበሩ ሰሌዳ ላይ ይጻፍ።