ለጤናዎ፦ አጋምን አይናቁት

አጋምና ዶቅማን «የእረኛ ምግብ» ብለው ንቀዋቸው ይሆን? ሲበስሉ የሚያጠቁራቸው ቀለም አንቶሲያኒን ይባላል። በቤተ ሙከራ ሲፈተሽ ሴሎችን የሚጎዱ ሞለኪውሎችን ያከሽፋል፤ በሽታ ይፈውሳል ማለት ግን አይደለም። ስለዚህ የስኳር ወይም የደም ግፊት መድኃኒትዎን አቁመው በፍሬ አይተኩ።

አጋም ቫይታሚን ሲም አለው። ይህም በጤፍና በምስር ውስጥ ያለውን ብረት ሰውነታችን በቀላሉ እንዲወስድ ይረዳል፤ በተለይ ለነፍሰ ጡሮችና ለሕፃናት ይጠቅማል። የበሰለውን መርጠው፣ በንጹሕ ውኃ አጥበው፣ ሳይቀቅሉ ከምግብ ጋር ያቅርቡ፤ ሙቀት ቫይታሚኑን ይቀንሰዋልና። ሻይና ቡና ብረቱን ስለሚይዙት ከምግብ አንድ ሰዓት ያህል ያርቋቸው።

ልጆችዎንም የማያውቁትን የዱር ፍሬ እንዳይቀምሱ ይምከሯቸው።