አባባ፣ ይነሱ!

ባለፈው ሳምንት ስለ ንጹሕ ውሃ ተጫውተን ነበር። ዛሬ ስለ አረጋውያን ጉልበት እንነጋገር።

ግራና ውስጥ አንድ አዛውንት ከመደብ ሊነሱ ሲሉ ምን እንላለን? «አባባ፣ አይነሱ! እኛ እናመጣለን» እንላለን። ውሃውን እናቀርባለን። እጃቸውን እናስታጥባለን። ይህ አክብሮት ነው። ነገር ግን በዚሁ አክብሮት እግራቸውን እያደከምን ነው። እኛም ራሳችን ስንት ጊዜ አድርገነዋል!

የሰው ጡንቻ ከ30 ዓመት ገደማ በኋላ ቀስ በቀስ ይቀንሳል። ከ60 ዓመት በኋላ ቶሎ ቶሎ ይቀንሳል። ሥራ የፈታ ጡንቻ ደግሞ ይባስ ይከሳል። ጤነኛ አረጋውያን 10 ቀን አልጋ ላይ ብቻ ሲቆዩ፣ ከእግራቸው ጡንቻ ወደ 1 ኪሎ ግራም እንደ ቀነሰ በጥናት ታይቷል። 10 ቀን ብቻ! እግር ሲደክም ሰው ይወድቃል። ሲወድቅ አጥንቱ ይሰበራል። ከዚያ ወዲያ መነሣት ጭንቅ ነው።

በእኛ ሰፈር አረጋዊ የሚጦረው በልጆቹ ቤት ነው። ጧሪ ያጡ ደግሞ መጦሪያ ቤት ይገባሉ። አቶ ቢኒያም በለጠ በ2002 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ያቋቋሙት መቄዶንያ ከነዚህ አንዱ ነው። በየትም አገር ቢሆን፣ መጦሪያ ቤት ውስጥ አረጋዊው ብዙ፣ ሠራተኛው ጥቂት ነው። ስለዚህ አንድን አዛውንት ደግፎ ከማስነሣት ምግቡን አልጋው ድረስ መውሰድ ይቀላል። ችግሩ እዚህ ላይ ነው።

«እርጅና ነው፣ ምን ይደረጋል?» የሚል ይኖራል። እንዲህስ አይደለም። በአሜሪካ አገር፣ በቦስተን ከተማ፣ በአንድ መጦሪያ ቤት የተደረገ ጥናት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1990 ታትሟል። ዕድሜያቸው 90 ገደማ የሆነ 10 አረጋውያን ለ8 ሳምንት በእግራቸው ክብደት ማንሣት ተለማመዱ። አንዱ አቋረጠ። የ9ኙ የእግር ጉልበት ግን በአማካይ ከእጥፍ በላይ ሆነ። ሁለቱ ምርኩዛቸውን ጣሉ! በ1994 ደግሞ 100 አረጋውያን ተጠኑ። ምግብ ብቻ የተጨመረላቸው አልበረቱም። የተለማመዱት በረቱ።

ታዲያ እኛ ምን እናድርግ? የብረት ክብደት አያስፈልገንም። የራስ ገላ ይበቃል። አዛውንቱ ግድግዳ በተጠጋ መደብ ወይም ወንበር ላይ ይቀመጡ። ይነሱ። ቀስ ብለው ይቀመጡ። 5 ጊዜ ይድገሙት። ይረፉና እንደገና ይጀምሩ። በሳምንት 2 ወይም 3 ቀን ይሁን። ሲቀላቸው ቁጥሩ ይጨመር። መጀመሪያ ላይ በእጃቸው መደብ ቢደገፉ ነውር የለውም። እኛ ከጎናቸው እንቁም፤ ግን አንጎትታቸው። ሶላትና ስግደት የሚያዘወትሩ አዛውንቶች መነሣትና መቀመጥን ለምደውታል፤ አይከብዳቸውም።

ምግቡም አይረሳ። ጡንቻ የሚሠራው ከሽሮ፣ ከምስር፣ ከባቄላ፣ ከእንቁላል፣ ከወተት ነው። ጥርስ የሌላቸው አዛውንት ጥሬና ቆሎ ስላቃታቸው ምግብ ጠሉ አይባልም። ክኩ በደንብ ይብሰል። ሽሮው ወፈር ይበል። እንቁላሉ ይቀቀልና ይፈጭላቸው። የኩላሊት ሕመም ያለባቸው ግን አስቀድመው ሐኪም ይጠይቁ።

ሲለማመዱ ደረታቸውን ካመማቸው፣ ካዞራቸው ወይም ትንፋሽ ካጠራቸው ወዲያው ይቀመጡ። ሕመሙ ካልለቀቃቸው ጊዜ ሳይፈጅ ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰዱ።