«አይናከስም» ገመድ አይደለም

በዚህ በታኅሣሥ 2013 ዓ.ም እትማችን «የኔ ሐሳብ» በሚለው ዓምድ ስለ ውሻ ልጽፍ ነው። «በኮሮና ጊዜ ስለ ውሻ ደግሞ ምን ይጻፋል?» እንደምትሉ አውቃለሁ። የክበባችን ልጆችም መጀመሪያ ስነግራቸው ስቀውብኛል። ግን እስከ መጨረሻው አንብቡትና ከዚያ ፍረዱ።

ሐሳቤ አጭር ነው። በዚህ በበሽታ ጊዜ ውሻ ያለው ሰው ሁሉ፣ ተማሪ በሚያልፍበት ሰዓት ውሻውን ማሰር ወይም በሩን ዘግቶ ግቢ ውስጥ ማቆየት አለበት። እስከ ዛሬ የሚጠነቀቀው የሚፈራው ልጅ ብቻ ነው። ከአሁን በኋላ ግን ጥንቃቄው ከባለቤቱ መጀመር አለበት። ለምን እንደዚህ እንዳልኩ አንድ በአንድ እጽፋለሁ።

ኮሮና አገራችን መግባቱ የተነገረው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም ነው። ከሦስት ቀን በኋላ ትምህርት ቤት እንዲዘጋ ተወሰነ። ሁላችንም ቤት ከረምን። አሁን ፈጣሪ ይመስገን ተመልሰናል፤ ግን እንደ ድሮው አይደለም። በፈረቃ ነው የምንማረው። በአንድ ዴስክ አንድ ተማሪ ነው የሚቀመጠው። ያለ ማስክ ከበር አናልፍም። ሙቀት ስንለካና እጃችንን ስንታጠብ በኖራ የተሰመረው ክብ ላይ ነው የምንቆመው፤ በአንዱና በሌላው ልጅ መካከል ሁለት የአዋቂ እርምጃ አለ። ይህንን ትንሹም ትልቁም ተማሪ በቃሉ ያውቀዋል። ውሻ ግን አያውቀውም። ውሻ መመሪያ አያነብም፤ ክብ ላይም አይቆምም። ስለዚህ መመሪያውን በውሻው ፈንታ ማክበር ያለበት ባለቤቱ ነው።

ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ ጠዋት የሆነውን የጠዋት ፈረቃ ተማሪዎች ታስታውሳላችሁ። ሰልፉ በጣም ደስ ይል ነበር፤ ሁሉም ክቡ ላይ ቆሟል። ድንገት አንድ ቡናማ ውሻ ያለ ገመድ እየሮጠ መጣ። ማንንም አልነከሰም። እንዲያውም ጭራውን ሲቆላ ያየ ሰው መጫወት ፈልጎ ነው ይላል። ትንንሾቹ የ1ኛና የ2ኛ ክፍል ልጆች ግን ጮኹ። ሰልፉ ፈረሰና ሁሉም ሮጠው ግንቡ ላይ ተለጣጠፉ። የአንዷ ልጅ ማስክ ወልቆ አቧራ ላይ ወደቀ፤ አንስታ መልሳ አደረገችው። የጥበቃው ጋሼ የሚያለቅሱትን ልጆች አቅፈው አረጋጉ። የውሻው ባለቤትም ያለ ማስክ እየሮጡ መጥተው መሃላችን ገቡና የውሻውን ስም እየተጣሩ አንገቱን ያዙት። ከዚያ «አይዟችሁ ልጆች፣ አይናከስም!» አሉን። ይህ ሁሉ የሆነው በሁለት ደቂቃ ውስጥ ነው። ስንት ቀን የተለማመድነው ርቀት በሁለት ደቂቃ ጠፋ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንዳይሳሳት እፈልጋለሁ። «ውሻ ኮሮና ያስይዛል» አላልኩም። ኮሮና በዋናነት የሚተላለፈው ከሰው ወደ ሰው ነው፤ ስናስል፣ ስናስነጥስ፣ ስንጮህና ተጠጋግተን ስናወራ ከአፍና ከአፍንጫ በሚወጣው ነገር። በአንዳንድ አገር ውሾች በሽታው ካለባቸው ጌቶቻቸው እንደያዛቸው በምርመራ ታይቷል። ውሻ ግን በሽታውን በሰው መካከል የሚያዛምት ዋና ምክንያት አይደለም። ስለዚህ በኮሮና ምክንያት ውሻውን ከቤት የሚያባርር ሰው ካለ ተሳስቷል። ችግሩ ውሻው ሲመጣ እኛ ሰዎች የምንሆነው ነገር ነው። እንሮጣለን፣ እንጮኻለን፣ እንተቃቀፋለን፣ ማስካችን ይወልቃል። ባለቤቱም ውሻውን ሊይዝ ሲል አጠገባችን ይመጣል። ኮሮና የሚፈልገው ደግሞ ይህንኑ ነው።

አሁን ወደ «አይናከስም» ልመለስ። ይህን ቃል ከብዙ ትልልቅ ሰዎች ሰምተነዋል። እየዋሹ አይደለም፤ ውሻቸው እነሱን አይነክስም። በአገራችን «ውሻ በበላበት ይጮኻል» ይባላል። ውሻ የሚያበላውን ያውቃል፤ ለሱም ይጮህለታል። እኛን ግን አያውቀንም፤ አንድ ቀንም አላበላነውም። ስለዚህ «አይናከስም» የሚለው የባለቤቱ እውነት ነው እንጂ የኛ እውነት አይደለም። ደግሞም ቢሆን «አይናከስም» ገመድ አይደለም፤ ውሻውን አንድ እርምጃ እንኳን አያስቆመውም።

ሌላም ያስተዋልኩት ነገር አለ። ትምህርት ቤት ተዘግቶ በነበረበት ጊዜ የኛ መንገድ ጭር ብሎ ነበር። ያኔ የተወለዱ ቡችላዎች አሁን ትልልቅ ውሾች ሆነዋል። ዩኒፎርም የለበሰ፣ ቦርሳ ያዘለ፣ እየጮኸ የሚሄድ የተማሪ መዓት አይተው አያውቁም። መንገዱ የነሱ ይመስላቸዋል። ድንገት ይህ ሁሉ ልጅ ሲመጣባቸው ቢደናገጡ አይገርምም። ጥፋቱ የነሱ አይደለም፤ ግን ሰው ካልያዛቸው አደጋ መምጣቱ አይቀርም።

አደጋው ደግሞ ቀላል አይደለም። የእብድ ውሻ በሽታን ሁላችንም በስሙ እናውቀዋለን። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ላይ በየዓመቱ ወደ 59,000 የሚሆኑ ሰዎች በዚህ በሽታ ይሞታሉ፤ አብዛኞቹም የእስያና የአፍሪካ ሰዎች ናቸው። በሽታው ካለባቸው እንስሳት ከሚነከሱት ሰዎች ከ100 ወደ 40ዎቹ ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ናቸው። የኛ ዕድሜ ማለት ነው። በሽታው በውሻው ምራቅ ውስጥ ሆኖ በንክሻ ይገባል። ለሳምንታት ወይም ለወራት ምንም ሳያሳይ ሊቆይ ይችላል። ምልክቱ አንዴ ከታየ ግን የሚድን ሰው የለም ማለት ይቻላል።

ደስ የሚለው ነገር መከላከያ አለው። ሉዊ ፓስተር የሚባለው የፈረንሳይ ሳይንቲስት እ.ኤ.አ. በ1885 ክትባቱን የሰጠው ለአንድ የ9 ዓመት ልጅ ነበር፤ ልጁም ተረፈ። ዛሬም የተነከሰ ሰው ወዲያው ክትባቱን ከጀመረ ይድናል። ስለዚህ ይህን በቃላችሁ ያዙት፤ ለኮሮና እጃችንን በሳሙና የምንታጠበው ቢያንስ 20 ሰከንድ ነው፤ ለውሻ ንክሻ ግን ቁስሉን በሚወርድ ውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ ማጠብ ነው። ከዚያ በቀጥታ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ። ጠበልም ሆነ የባህል መድኃኒት የሚፈልግ ቤተሰብ ቢኖር እንኳን አስቀድሞ ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ ክትባቱን ማዘግየት አይቻልም። «ኮሮና ይይዘኛል» ብሎ ሐኪም ቤት መሄድ የሚፈራም አለ። ማስክ አድርጎ መሄድ ይቻላል፤ መቅረት ግን አይቻልም። እናታችሁ እንዳትቆጣ ብላችሁም ንክሻ አትደብቁ።

ግን እስቲ አስቡት። ሐኪሞችና ነርሶች በኮሮና ምክንያት ደክመዋል። አንድ ልጅ ተነክሶ ሲሄድ ክትባቱ በአንድ ቀን አያልቅም፤ እየተመላለሰ ነው የሚወጋው። እናቱ ወይም አባቱ ሥራ ጥለው አብረው ይሄዳሉ፤ ወረፋ ይጠብቃሉ። አንድ ክንድ ገመድ ይህን ሁሉ ያስቀር ነበር።

አንዳንድ ሰው «ውሻዬን ባስርም ባላስርም የኔ ጉዳይ ነው» ይላል። ሕጉ ግን እንደዚህ አይልም። በ1952 ዓ.ም የወጣው የኢትዮጵያ ፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2071 እንስሳ ለሚያደርሰው ጉዳት ባለቤቱ ኃላፊ ነው ይላል። እንስሳው ሳይታሰብ አምልጦ ቢሆንም እንኳን ኃላፊነቱ አይቀርም። ስለዚህ «አመለጠኝ» ማለት አያድንም።

ውሻ ያላቸው ሰዎች የሚያነሱት ጥያቄም አለ፤ ትክክለኛ ጥያቄ ስለሆነ ልመልሰው። አንደኛ «ውሻው ቤት ጠባቂ ነው፤ ከታሰረ ሌባ ይገባል» ይላሉ። እኛ ሌሊቱን አልጠየቅንም። ሌሊት ግቢ ውስጥ ይፈታ፤ ሌባም የሚመጣው ሌሊት ነው። የጠየቅነው ተማሪ በሚያልፍበት ጊዜ፣ ማለትም ጠዋት ስንገባ፣ ፈረቃ ስንቀያየርና ማታ ስንወጣ ነው። ሁለተኛ «አጥር የለኝም» የሚሉ አሉ። እውነት ነው፣ ሁሉም ሰው ግንብ የለውም። ገመድ ግን ግንብ አይጠይቅም። ሦስተኛ «ውሻ ቀኑን ሙሉ ማሰር ግፍ ነው» የሚሉ አሉ። በዚህ እስማማለሁ። የታሰረ ውሻ ጥላና ውኃ ያስፈልገዋል፤ አንገቱም መታነቅ የለበትም። ቢቻል ባለቤቱ ራሱ ገመዱን አሳጥሮ ይዞ ያንሸራሽረው። ሰው ሲያይም ዳር ይዞ ሁለት እርምጃውን ጠብቆ ያሳልፍ።

ባለቤት የሌላቸው ውሾችስ? እነሱን ማን ያስራቸው? አንዳንዱ ሰው «መርዝ ይብሉ» ይላል። እኔ አልስማማም። መርዝ የተደረገበትን ሥጋ የሌላ ሰው እንስሳ ሊበላው፣ ሕፃን ልጅም ሊነካው ይችላል። የእብድ ውሻ በሽታን የሚያቆመው ውሾችን መከተብ እንደሆነ ነው የዓለም ጤና ድርጅት የሚናገረው፤ ከ100 ውሾች 70ው ከተከተቡ በሽታው መተላለፉ ይቆማል። ሁለተኛው ነገር ቆሻሻ ነው። ውሾች የሚሰበሰቡት ምግብ ያለበት ቦታ ነው። በትምህርት ቤታችን ጀርባ ያለውን የቆሻሻ ክምር እዩት፤ ጠዋት ጠዋት ስድስት ሰባት ውሻ አይጠፋበትም።

ባለፈው ኅዳር 12 ሰፈራችን በጭስ ተሸፍኖ ነበር። ኅዳር ሲታጠን ነው። ይህ ልማድ በ1911 ዓ.ም በኅዳር ወር አገራችን ገብቶ ብዙ ሰው ከጨረሰው የኅዳር በሽታ ጋር አብሮ ይነሳል። አያቶቻችን ያን ወረርሽኝ ያስታወሱት ቆሻሻ ጠርጎ በማቃጠል ነው። እኛ ግን በዓመት አንድ ቀን ጠርገን በማግስቱ የተረፈ እንጀራና አጥንት መንገድ ላይ እንደፋለን። ጽዳቱ በየሳምንቱ ቢሆን ውሾቹም ሌላ ቦታ ይሄዱ ነበር።

ለትልልቅ ሰዎች ብቻ ተናግሬ አልጨርስም፤ እኛ ተማሪዎችም ድርሻ አለን። የታሰረን ውሻ በድንጋይ የሚመታ ልጅ መሃላችን አለ። ስሙን አልጠራም፤ ራሱን ያውቃል። ዛሬ የተመታ ውሻ ነገ የሚነክሰው ሌላውን ልጅ ነው። ሲበላ፣ ሲተኛ ወይም ቡችላ ሲያጠባ አትጠጉት። ያልታሰረ ውሻ ሲመጣ ደግሞ አትሩጡ፤ ከሮጣችሁ ይከተላችኋል። እጃችሁን ሰብስባችሁ እንደ ዛፍ ቀጥ ብላችሁ ቁሙ፤ ዓይኑን ትኩር ብላችሁ አትዩት። አሽትቶ ይሄዳል። ከጣላችሁ ተጠቅልላችሁ ፊታችሁንና አንገታችሁን በእጃችሁ ሸፍኑ። ሰልፍ ላይ ከሆንን ሁላችንም ክባችን ላይ ብንቆም ከውሻውም ከኮሮናውም እንተርፋለን።

በመጨረሻም ሦስት ነገር ልጠይቅ። ውድ ርእሰ መምህራችን፣ በትምህርት ቤታችን ዙሪያ ላሉ ነዋሪዎች የፈረቃ ሰዓታችንን የሚገልጽ ደብዳቤ ቢጻፍልን፤ ሰዓቱን ካወቁ ማሰር አያቅታቸውም። ወላጅ መምህር ኅብረታችን ከቀበሌው ጋር ተነጋግሮ የውሻ ክትባት ሰፈራችን ድረስ እንዲመጣና ያ የቆሻሻ ክምር እንዲነሳ ቢያደርግልን። እናንተ ተማሪዎች ደግሞ ዛሬ ቤት ስትገቡ ለወላጆቻችሁ ንገሩ፤ ውሻ ካላችሁ ገመዱን ራሳችሁ ፈልጉ። ጎረቤት ስትነግሩም በትሕትና ይሁን፤ «ጋሼ፣ እትዬ፣ እባክዎ እኛ እስክናልፍ ያዙልን» ብሎ የጠየቀን ልጅ የሚቆጣ ሰው ብዙ አይደለም።

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይባላል። እኛ አንበሳ አላልንም። ውሻ ብቻ ይታሰርልን!



ከ7ኛ «ለ» ክፍል፣ የሚኒ ሚዲያ ክበብ አባል